ከደሴ ወደ ፊንላንድ፦ ውጭ አገር ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ለሚጎበኝ መምህር የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በደሴና በኮምቦልቻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚሠሩ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች የተዘጋጀ ነው። በግብዣም ሆነ በራሱ ወጪ ውጭ አገር ሄዶ አንድን ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀናት የመመልከት ዕድል ያገኘ ባለሙያ ከመነሻው እስከ ሪፖርቱ ድረስ ምን ማድረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያሳያል። ለምሳሌነት የተወሰደችው ፊንላንድ ናት፤ በየሥልጠናው ስሟ ስለሚነሳ ሁሉም የሚያውቃት ይመስለዋል፣ መምህሮቿ ክፍል ገብተው ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቅ ግን ብዙ የሚናገረው አይኖረውም። ወደ ኬንያ፣ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ሌላ አገር የሚሄድ አንባቢ የቪዛውንና የትምህርት ዘመኑን ዝርዝር በዚያ አገር ይተካ፤ የቀረው አሠራር ያው ነው።

ከእንዲህ ያለ ጉዞ በኋላ የሚቀርቡ ሪፖርቶች አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። የሕንፃው ውበት፣ የኮምፒዩተሩ ብዛትና የግቢው ንጽሕና በሰፊው ይተረካል፤ አንድ መምህር ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ሊሞክረው የሚችለው ነገር ግን አይገኝበትም። በዚህም ምክንያት መመሪያው ሰፊውን ቦታ የሰጠው ከጉዞው በፊት ለሚዘጋጀው ጥያቄና ክፍል ውስጥ ለሚደረገው ምልከታ ነው።

አንደኛ፦ አንድ ጥያቄ መያዝ

«የፊንላንድ የትምህርት ሥርዓት ምን ይመስላል?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም፤ ደሴ ተቀምጦ በማንበብ ይመለሳል። ለጉብኝት የሚሆን ጥያቄ በዓይን አይቶ ካልሆነ የማይመለስ፣ ጠባብና ከራስ ትምህርት ቤት ችግር የመነጨ መሆን አለበት። ለምሳሌ፦ አንድ የሒሳብ መምህር አዲስ ርዕስ ሲጀምር የቀደመውን ርዕስ ያልተረዳው ተማሪ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣ ተማሪ በዚያ ክፍለ ጊዜ ምን ይደረጋል? አንድ ተማሪ የወደፊት የትምህርት መስኩን ሲመርጥ ማን፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ ያማክረዋል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ወደ 11ኛ ክፍል የሚያልፉ ተማሪዎቻችን የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስክን የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ጓደኛቸውን ተከትለው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ጥያቄውን ብቻዎን አይቅረጹ። የዲፓርትመንትዎን መምህራን ሰብስበው የአንድ ሴሚስተር ማርክ ሊስት ፊት ለፊት ዘርግተው «ተማሪዎቻችን የሚሰናከሉት የት ላይ ነው?» ብለው ይነጋገሩ። በዚህ ውይይት ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና መነሳቱ አይቀርም፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሁሉንም ያስደነገጠ ነገር ነበርና። ሆኖም «ውጤት እንዴት ይሻሻል?» የሚል ጥያቄ ይዘው እንዳይሄዱ። በጣም ሰፊ ከመሆኑም በላይ የሚጠየቀው አስተናጋጅ ሁሉ የሚመልሰው አጠቃላይ ንግግር ብቻ ይሆናል። የፈተናውን ውጤት ካበላሹት ምክንያቶች አንዱን ብቻ፣ ለምሳሌ 9ኛ ክፍል ላይ የአልጀብራ መሠረት ሳይያዝ መታለፉን፣ መዝዘው ያውጡና ጥያቄዎን በዚያ ላይ ይገንቡ። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ የዲፓርትመንቱ አባላት ከተስማሙበት በኋላ በማስታወሻ ደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩት።

ሁለተኛ፦ ስለ አገሩ ትምህርት አስቀድሞ ማወቅ

አስተናጋጆችዎ ለማንም እንግዳ የሚነግሩትን ነገር በመስማት ውድ ሰዓት እንዳያባክኑ የሚከተለውን አውቀው ይሂዱ። በፊንላንድ መሠረታዊው ትምህርት ከ1ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ሲሆን ልጆች የሚጀምሩት በ7 ዓመታቸው ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሉኪዮ የሚባለው አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሌላው የሙያ ትምህርት ነው። የግዴታ ትምህርት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 18 ዓመት ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ ደረጃ የሚማሩ ወጣቶች መጻሕፍትና የመማሪያ ቁሳቁስም በነፃ ያገኛሉ። የትምህርት ቤት ምሳ ለሁሉም ተማሪ በነፃ መቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

ከእኛ አደረጃጀት ጎልቶ የሚለየው የሉኪዮው አወቃቀር ነው። ተማሪው «9ኛ ቢ» ወይም «11ኛ ሲ» ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሴክሽን ጋር አይቀመጥም፤ የሚወስዳቸውን የትምህርት ክፍሎች ራሱ እየመረጠ የራሱን የጊዜ ሠሌዳ ይሠራል። ለማጠናቀቅም ቢያንስ 150 ነጥብ (ክሬዲት) ማሟላት ይጠበቅበታል። አብዛኞቹ በ3 ዓመት ይጨርሳሉ፤ በ2 ወይም በ4 ዓመት መጨረስም ይቻላል። መጨረሻ ላይ የሚወሰደው አገር አቀፍ ፈተና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1852 ሲሆን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት ገደማ፣ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የሚካሄድ ሆኗል። ተማሪው ፈተናዎቹን በአንድ ወቅት ሳይሆን ከፋፍሎ መውሰድ ይችላል።

መምህራኑ የሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ናቸው፤ ክፍል እየገባ የሚገመግማቸው ኢንስፔክተርም የለም። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ብዙ ጎብኚዎች ወድደውት ይመለሳሉ፣ እኔ ግን እንደ ተሞክሮ ይዞ መምጣቱ ትርጉም የለውም ባይ ነኝ። ቁጥጥሩ የቀረው መምህሩ ተመርጦ፣ ሠልጥኖና ታምኖ ከተቀመጠ በኋላ ስለሆነ፣ ፍሬውን ብቻ ቆርጦ ማምጣት አይቻልም።

ሦስተኛ፦ ትምህርት ቤቱን መምረጥና ደብዳቤ መጻፍ

ፒሳ የሚባለው የ15 ዓመት ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ምዘና የመጀመሪያ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ወጥቶ ፊንላንድን ከቀዳሚዎቹ ተርታ ካስቀመጠ ወዲህ ፊንላንድ በጎብኚ ተጥለቅልቃለች። በዚህም የተነሳ ጥያቄውን የማይቀበሉ፣ ወይም ለጉብኝት ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶችና ከተሞች አሉ። ስለዚህ በሄልሲንኪ መሀል ያለ ስመ ጥር ትምህርት ቤትን ከመለመን ይልቅ የዩኒቨርሲቲዎች የመምህራን ማሠልጠኛ የሆኑትን ትምህርት ቤቶች መፈለግ ይመረጣል። ኖርማሊኮሉ የሚባሉት እነዚህ ትምህርት ቤቶች እውነተኛ ተማሪዎች የሚማሩባቸው፣ ነገር ግን ዕጩ መምህራን ዓመቱን ሙሉ ክፍል ገብተው የሚለማመዱባቸው ናቸው። በኋለኛው ወንበር የተቀመጠ ታዛቢ ለተማሪዎቹም ለመምህራኑም ብርቅ አይደለም፤ አንድ እንግዳ ገባ ተብሎ ትምህርቱ ወደ ትርዒት አይለወጥም። ከእነዚህ አንዱ በዩቫስኩላ ከተማ ይገኛል። ዩቫስኩላ ኡኖ ሲግኔዩስ የተባለው የትምህርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1863 በፊንላንድኛ ቋንቋ የሚያስተምር የመጀመሪያውን የመምህራን ማሠልጠኛ የከፈተባት ከተማ ናት። በደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ባለሙያ ከጉብኝቱ ቡድን ጋር ካለ፣ ይህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት ለእርሱም ጭምር የሚጠቅም ይሆናል።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ይጻፍ። ማንነትዎንና የሚያስተምሩትን የትምህርት ዓይነት፣ የትምህርት ቤትዎን የተማሪ ብዛትና የክፍል መጠን፣ ያንን አንድ ጥያቄዎን፣ የሚመጡበትን ቀን ከሁለት አማራጭ ጋር፣ ማየት የሚፈልጉትን የክፍለ ጊዜ ብዛትና ወጪዎን ማን እንደሚሸፍን ይግለጹ። በእኛ የደብዳቤ ልማድ ከመግቢያው በፊት የሚመጣው ረጅም ምስጋናና የክብር መግለጫ ለእነርሱ ግራ የሚያጋባ ስለሆነ በአንድ መስመር ይለፍ። በአንጻሩ እኛ እንደ ቀላል የምናልፈው ነገር የእነርሱን ትኩረት ይስባል፤ በአንድ ክፍል 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ እንደሚያስተምሩ በግልጽ ከጻፉ ደብዳቤዎ ከብዙዎቹ ተለይቶ ይነበባል፣ ምክንያቱም አስተናጋጁ መምህርም ከእርስዎ የሚማረው ነገር እንዳለ ያያል።

በደብዳቤ ልውውጡ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ። በበጋ ወራታቸው የፊንላንድ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ (በእነርሱ አቆጣጠር) ግን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብለው የጻፉት ቀጠሮ እነርሱ ዘንድ ሌሊት መሆኑን አይርሱ።

አራተኛ፦ ወቅቱን መወሰን

በብዙ ጎብኚዎች ላይ የሚደርሰው ችግር ትምህርት ቤቱ ዝግ በሆነበት ወቅት መሄድ ነው። የፊንላንድ ትምህርት ቤቶች በግንቦት መጨረሻ ገደማ ተዘግተው የሚከፈቱት በነሐሴ መጀመሪያ ነው፤ በጥቅምት፣ በገና ሰሞንና በየካቲት አካባቢም ዕረፍት አላቸው። ይህ አቆጣጠር ለእኛ መልካም ዕድል ይዞ ይመጣል። ነሐሴ የእኛ ክፍሎች ዝግ፣ የእነርሱ ክፍት የሆኑበት ወር ስለሆነ፣ መምህሩ አንድም ክፍለ ጊዜ ሳያጎድል ሄዶ ሊመለስ ይችላል። የመጀመሪያው ሳምንት የምዝገባና የማስተካከያ ግርግር ስለሚበዛበት ይዝለሉትና ከነሐሴ 11 እስከ 25 (በእኛ አቆጣጠር) ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ ከዚያ ከዘገዩ በአንድ በኩል የመስከረሙ አገር አቀፍ ፈተና ዝግጅት፣ በሌላ በኩል የራስዎ ትምህርት ቤት የምዝገባ ሥራ ይደርስብዎታል።

ከዚህ ተነስቶ ወደ ኋላ ሲቆጠር ደብዳቤው መጻፍ ያለበት በጥር ነው። በመጋቢት አገር አቀፍ ፈተና ላይ ናቸው፤ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ግቢው ባዶ ስለሆነ ኢሜይል የሚመልስ አይገኝም። በግንቦት አጋማሽ የተፈረመ የግብዣ ደብዳቤ እጅዎ ካልገባ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት ማሸጋገሩ ይሻላል።

ነሐሴ ፍልሰታ የሚጾምበት ወር መሆኑም መታሰብ አለበት። የትምህርት ቤቶቹ ምሳ በየቀኑ ከሥጋ ነፃ የሆነ አማራጭ ስላለው አስቀድሞ ከተነገራቸው የጾም ምግብ ማግኘት አይቸግርም፤ ለሙስሊም ጎብኚም ይኸው አማራጭ ያገለግላል፤ ወተትና ቅቤ ይኑርበት አይኑርበት ግን በተለይ መጠየቅ የጿሚው ፋንታ ነው። በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ መግሪብና ዒሻ እጅግ ይዘገያሉ፤ የማለዳውን ቀጠሮ ሲያቅዱ የእንቅልፍ ሰዓትዎን ከዚህ ጋር ያገናዝቡ።

አምስተኛ፦ ፈቃድ፣ ፓስፖርትና ቪዛ

የግብዣ ደብዳቤው እንደደረሰ ከትምህርት ቤትዎ ወደ ከተማው አስተዳደር ትምህርት መምሪያ የሚሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ያስጽፉ። የመምሪያው ደብዳቤ የሥራ መደብዎን፣ የቅጥር ዘመንዎን፣ የወር ደመወዝዎን፣ የጉዞውን ዓላማና ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ቀን ማካተት አለበት። ቪዛ የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ይህ ሰው ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ስለሆነ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ካለ እርሱም ተተርጉሞ ይያያዝ። የስም አጻጻፍ ችግር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያጉላላል፤ በግብዣው፣ በቲኬቱ፣ በኢንሹራንሱና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤው ላይ ያለው የእርስዎ፣ የአባትና የአያት ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ፊደል ጋር አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት።

ለሼንገን አገሮች (ፊንላንድን ጨምሮ በአንድ የጋራ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) አጭር ቪዛ የሚያስፈልጉት ዋና ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ከመመለሻ ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ፤ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፤ የማረፊያ ማረጋገጫ። ማመልከቻው ከጉዞው ከ6 ወር ቀደም ብሎ ወይም 15 ቀን ብቻ ሲቀረው አይቀርብም። ውሳኔው ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመደበኛው 45 ቀን ይወስዳል። የአዋቂ ሰው ክፍያ ከሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። የጣት አሻራ በአካል ስለሚሰጥ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ላለመመላለስ ሰነዱን ደሴ ላይ አሟልተው ይውጡ።

ስድስተኛ፦ መንገድና ጓዝ

ከደሴ እስከ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄድም ሆነ በከሚሴና በደብረ ብርሃን በኩል በመኪና የሚወርድ ሰው ከበረራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ይግባ፤ መንገዱ በየጊዜው ምን እንደሚገጥመው የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ወደ ሄልሲንኪ ቀጥታ በረራ ስለሌለ በሌላ የአውሮፓ ከተማ በኩል ይታለፋል፤ የግብዣ ደብዳቤው፣ ኢንሹራንሱና የመመለሻ ቲኬቱ ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፣ የመግቢያ ፍተሻው የሚደረገው መጀመሪያ በሚያርፉበት የሼንገን አገር ነውና። ከሄልሲንኪ ዩቫስኩላ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የነሐሴ አየራቸው ለደሴ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የጦሳን ጭጋግ የለመደ አይቸገርም፣ የኮምቦልቻ ሰው ግን ጃኬት ይጨምር።

ለስጦታ የተቆላ፣ በፋብሪካ የታሸገ ቡና በቂ ነው፤ ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ቀዳሚዎች ናቸው። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት የተከለከለ ስለሆነ እናት የቋጠረችውም ቢሆን እዚሁ ይቅር።

ሰባተኛ፦ በትምህርት ቤቱ ውስጥ

የመጀመሪያው ቀን ሲደርሱ ከቀጠሮው አሥር ደቂቃ ቀድመው በሩ ላይ ይገኙ። ሰላምታው አጭር ነው፤ የወሎ ሰው እንደለመደው የቤተሰብ ደኅንነት፣ የከብትና የአዝመራ ጥያቄ አይከተለውም፣ ዝምታም እንደ ቅያሜ አይቆጠርም። ተማሪዎቹ መምህራቸውን በስሙ ሲጠሩት ቢሰሙ አይደንግጡ፤ ይህ ልማዳቸው ነው፣ አክብሮት ማጣትም አይደለም። የተማሪን ፊት ፎቶ ማንሳት ያለ ፈቃድ አይሞከርም፤ ባዶ ክፍልን፣ ሰሌዳንና ወንበር አቀማመጥን ለማንሳትም ቢሆን መጀመሪያ ይጠይቁ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በፊንላንድኛ ወይም በስዊድንኛ በመሆኑ «ምን ይገባኛል?» የሚል ሥጋት ሊያድርብዎ ይችላል። ሒሳብና ኬሚስትሪ ሰሌዳ ላይ ሲጻፉ በየትኛውም አገር ይነበባሉ፤ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜም ይጠይቁ። ቋንቋውን አለማወቅ እንዲያውም የሚጠቅምበት አጋጣሚ አለ፤ የመምህሩን ንግግር መከተል ስለማይችሉ ዓይንዎ ወደ ተማሪዎቹ እጅና ፊት ይዞራል፣ ምልከታው የሚፈልገውም ይህንን ነው።

ለምልከታው በእኛ ትምህርት ቤቶች የተለመደውን «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ» የሚል የመገምገሚያ ቅጽ አይጠቀሙ፤ እርስዎ የሄዱት ለመመዝገብ እንጂ ነጥብ ለመስጠት አይደለም። የደብተሩን ገጽ በማስመሪያ ለሦስት ይክፈሉት፤ በግራ ጠባብ ዐምድ ላይ ደቂቃው፣ በመሀል መምህሩ ያደረገው፣ በቀኝ ተማሪዎቹ ያደረጉት ይጻፋል። በየሦስት ደቂቃው፣ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ፣ አንድ መስመር ይሙሉ። ገጹ ሲሞላ ይህን የመሰለ ይሆናል፦

0 — መምህሯ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ዝም አለች። ተማሪዎቹ በየደብተራቸው መሥራት ጀመሩ፤ ሁለቱ ገና ቦርሳቸውን እየከፈቱ ነው።
3 — በወንበሮቹ መካከል ትዘዋወራለች፤ አልተናገረችም። በመስኮቱ በኩል ያለው ልጅ የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጀመረ፤ ልጁን አልፋ ሄዳ ተመለሰች።
6 — ከልጁ አጠገብ በርከክ ብላ በጣቷ አንድ መስመር አሳየችው፤ መልሱን ግን አልነገረችውም። ጎረቤቱ አንገቷን አስግጋ አየች።
9 — ሰሌዳው ላይ ሁለት የተለያዩ አሠራሮችን ጻፈች፤ አንዱ ስህተት ነው፣ የማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ክፍሉ የትኛው ትክክል እንደሆነ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይከራከራል።

እዚህ ገጽ ላይ «ጎበዝ መምህርት ናት» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ ይበሉ። ፍርዱ ለማታ ይቆይ። ዲፓርትመንትዎ ይህን ገጽ ሲያነብ መምህሯ ስህተቱን ያገኘችው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች፣ በመዘዋወር፣ አንድም ተማሪ «ገባኝ» ወይም «አልገባኝም» ብሎ እጁን ሳያወጣ መሆኑን ራሱ ያያል። «ገባችሁ?» ብለን ጠይቀን «አዎ!» የሚል የጋራ ጩኸት ሰምተን የምናልፍ ሰዎች ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ፤ ዋጋውም ጠመኔና አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ከአንድ ቀን በላይ ካለዎት አንዱን ቀን ሙሉ ለአንድ ተማሪ ይስጡት፤ በትምህርት ቤቱና በተማሪው ፈቃድ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይከተሉት። በሉኪዮ አንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ 75 ደቂቃ ስለሆነ በቀን የሚኖሩት ክፍለ ጊዜዎች ጥቂት ናቸው፤ በመካከል ባዶ ሰዓት ሲኖረው የት እንደሚቀመጥ፣ ማንም ሳይቆጣጠረው ምን እንደሚሠራ ይመዝግቡ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለምንሠራ ለእኛ ይህ በተለይ የሚያስተምር ነው፤ የእኛው 40 ደቂቃ ስም መጥራቱና ሰሌዳ ማጥፋቱ ተቀንሶ ስንት እንደሚቀረው ከመሄድዎ በፊት በራስዎ ትምህርት ቤት ለክተው ቢሄዱ ማነጻጸሪያ ያገኛሉ።

ከርዕሰ መምህሩ ጋር የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ በስላይድ የተዘጋጀ ገለጻ ነው፤ በትሕትና አዳምጠው ይለፉት። ከዚያ ይልቅ ከሁለት ሰዎች ጋር ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይጠይቁ። የመጀመሪያው ኦፖ ተብሎ የሚጠራው የትምህርት አማካሪ ነው። ተማሪው የራሱን ትምህርት እየመረጠ እንዲጓዝ የሚያግዘው እርሱ ስለሆነ፣ አንድ ተማሪ ሲመጣ የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች እንዲያሳይዎት ይለምኑት፤ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የመስክ ምርጫ የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ ከዚህ ውይይት ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው ሰው ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመት የሆነው ወጣት መምህር ነው፤ ችግሩን ገና አልረሳውምና በግልጽ ይነግርዎታል። «የማይሠራላችሁ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ፊንላንድ በፒሳ ያገኘችው ውጤት ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኋላ ሲወርድ መቆየቱን እነርሱም በግልጽ ይነጋገሩበታል፤ ጥያቄው አያስቀይማቸውም።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቡና ላይ ስለ ኢትዮጵያ መጠየቅዎ አይቀርም። ልመና የሚመስል ንግግርም፣ ሁሉ ሙሉ ነው የሚል ሽፋንም አያስፈልግም፤ በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ የቡድን ሥራ እንዴት እንደሚያካሂዱ፣ ከላብራቶሪ ውጭ ሙከራ እንዴት እንደሚያሳዩ በዝርዝር ይንገሯቸው። በሥራ ላይ የተመሠረተ እንዲህ ያለ ጨዋታ ነው ከጉብኝቱ በኋላ የሚዘልቅ ግንኙነት የሚያስገኘው።

ስምንተኛ፦ የማታው ሥራ

በየማታው፣ ድካም ቢኖርም፣ የቀኑን ምልከታ ገጽ አንብበው በተለየ ቀለም ሦስት ነገር ይጨምሩበት፦ ከጥያቄዬ ጋር የሚገናኘው የትኛው መስመር ነው፤ ይህን ለማድረግ ምን ቁሳቁስና ምን ያህል ጊዜ ፈጀ፤ በእኔ ክፍል 60 ተማሪ ፊት ቢሞከር የቱ ላይ ይሰናከላል። ሦስተኛውን ዘለው አይለፉ፤ ለዲፓርትመንቱ የሚያቀርቡት ሐሳብ የሚጣራው በእርሱ ነው። ይህ ሥራ ለነገ ከተባለ አይሠራም፤ ሦስት ቀን ያለፈው ምልከታ ሁሉ «በጣም ጥሩ ነበር» ወደሚል አንድ ስሜት ይጠቀለላል።

ዘጠነኛ፦ ከተመለሱ በኋላ

ወጪው በመንግሥት ወይም በአጋር ድርጅት የተሸፈነ ከሆነ የውሎ አበልና የቲኬት ማወራረጃውን ደረሰኙ ሳይጠፋ በመጀመሪያው ሳምንት ይጨርሱ። ከዚያ ለመላው መምህር ስብሰባ የሚሆን ረጅም ገለጻ ከማዘጋጀትዎ በፊት ለዲፓርትመንቱ ብቻ፣ ከሁለት የምልከታ ገጾች ያልበለጠ ጽሑፍ ይዘው ይቅረቡ። ጽሑፉ ሳይተረጎምና ሳይጋነን ይነበብ፤ ከመካከሉ ሊሞከር የሚችል አንድ ነገር አባላቱ ራሳቸው ይምረጡ። አንድ ብቻ መሆኑ የግድ ነው። አምስት ነገር ይዞ የገባ መምህር በኅዳር አንዱንም ሲሠራ አይገኝም።

ሙከራው በቀላሉ እንዲህ ይደራጃል። አንድ መምህር የሚያስተምራቸው፣ በቀደመው ሴሚስተር ውጤታቸው የተቀራረበ ሁለት የ9ኛ ክፍል ሴክሽኖች ይመረጡ። በአንደኛው ክፍለ ጊዜው ሁሉ ሰሌዳ ላይ በተጻፈ አንድ ጥያቄና በስድስት ደቂቃ ዝምተኛ ዝውውር ይጀመር፤ በሌላው እንደተለመደው ይቀጥል። በ60 ተማሪ ክፍል ሁሉንም ወንበር በስድስት ደቂቃ ማዳረስ ስለማይቻል፣ መምህሩ ሰኞ በቀኝ፣ ረቡዕ በግራ፣ ዓርብ በመሀል ያለውን ረድፍ ብቻ ይይ፤ ለእኛ እንዲሆን ያደረግነው ለውጥ ይህ መሆኑም በሪፖርቱ ይጻፍ። አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ሁለቱም ሴክሽኖች በአንድ ዓይነት አጭር ፈተና ይለኩ። ልዩነት ካልታየ «አልሠራም» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ቀጣዩን መምህር ከድካም ያድነዋል።

ሪፖርቱ ለመምሪያው የሚገባው ከዚህ ሙከራ በኋላ ነው። መምሪያው በተመለሱ በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርት የሚጠይቅ ከሆነ አጭር የጉዞ ሪፖርት ያስገቡና ዋናው የሙከራ ውጤት በሴሚስተሩ መጨረሻ እንደሚቀርብ ደብዳቤው ላይ ይግለጹ። የሙከራውን ውጤት፣ ያልተሳካውን ጭምር፣ በአንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈው ክፍላቸውን ለከፈቱልዎት መምህራን ይላኩ፤ ለመላክም የገና ዕረፍታቸው ከመግባቱ በፊት ያለው የኅዳር ወር ይመረጣል።